የጥረት ዘውድ

በአማርኛ «ትግል» የሚለው ቃል ሁለት ተግባሮችን አጣምሮ ይዟል። አንደኛው ሁለት ሰዎች ተያይዘው፣ አንዱ ሌላውን ጠልፎ ጀርባውን መሬት ለማስነካት የሚያደርጉት ግብግብ ነው። ሁለተኛው የሰው ልጅ ከተፈጥሮ፣ ከችግርና ከጭቆና ጋር የሚያካሂደው ረዥም ፍልሚያ ነው። በሁለቱም አገባቡ ቃሉ የሚያመለክተው ጥረቱን እንጂ ውጤቱን አይደለም፤ ውጤቱን ለመግለጽ ቋንቋው «ድል» እና «ሽንፈት» የሚሉ የተለዩ ቃላት አሉት። «ታጋይ» የሚባለውም የታገለ ሁሉ ነው እንጂ የጣለ ብቻ አይደለም። ከብት ጠባቂ ልጆች ከመስክ ላይ ሲታገሉ፣ የወደቀው ልጅ አፈሩን አራግፎ እንደገና ለመያያዝ እጁን ሲዘረጋ ይህንኑ የቋንቋውን ፍርድ በተግባር ማረጋገጡ ነው።

ይሁን እንጂ ትግል ከመስክ ጨዋታነት ወጥቶ በአሠልጣኝ፣ በዳኛና በሽልማት መመራት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አንድ ከባድ ጥያቄ ሲያከራክር ኖሯል። ታዳጊው ታጋይ ሊመዘን የሚገባው በምንድን ነው? በጣላቸው ሰዎች ቁጥር ነው ወይስ በልምምዱ ትጋት? መልሱ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ልጁ ከመጀመሪያው ሽንፈት በኋላ ወደ ምንጣፉ መመለሱንና አለመመለሱን የሚወስነው እርሱ ነው። ስለዚህም ጥያቄው የስፖርት አሠልጣኞች ብቻ አይደለም፤ ጠመኔ የያዘ መምህር፣ ብሩሽ የሚያስጨብጥ ሠዓሊ፣ የክራር ቅኝት የሚያስተምር ሙዚቀኛ ሁሉ በየዕለቱ ይጋፈጠዋል። የተለያዩ ኅብረተሰቦች የሰጡትን መልስ በታሪክ ዓይን መመርመር ጠቃሚ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጥንታዊት ግሪክ ትግል በኦሊምፒያ ውድድር ውስጥ የገባው በ708 ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደሆነ ጥንታውያኑ መዝግበዋል። ልጆች በትግል የሚወዳደሩበት ክፍል ደግሞ በ632 ከክርስቶስ ልደት በፊት ተጨመረ። ድል ለማግኘት ባላጋራን ሦስት ጊዜ መጣል ያስፈልግ ነበር። ሽልማቱ ከወይራ ቅጠል የተጎነጎነ አንድ አክሊል ብቻ ነው፤ ለሁለተኛና ለሦስተኛ የሚሰጥ ምንም ነገር አልነበረም። የክሮቶኑ ሚሎን አንድ ጊዜ በልጆች፣ አምስት ጊዜ በአዋቂዎች ትግል በኦሊምፒያ አሸንፎ ስሙ ለሃያ አምስት ምእተ ዓመታት ሲጠራ ኖሯል። ከእርሱ ጋር ተያይዘው የወደቁት ታጋዮች ስም ግን በአብዛኛው ከመዝገብ ጠፍቷል።

እንዲህ ያለው ሥርዓት በወጣቶቹ ላይ ያደርስ የነበረውን ጉዳት የዘመኑ ሰዎች ራሳቸው አልሸሸጉም። ባለቅኔው ፒንዳር በ446 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ፣ በዴልፊ የትግል ውድድር ያሸነፈውን የኤጊናውን ወጣት አሪስቶሜኔስን ለማወደስ በጻፈው ቅኔ ውስጥ የተሸናፊዎቹን ልጆች ዕጣ ጭምር አስገብቷል። በቅኔው እንደተገለጸው፣ የወደቁት ወጣቶች ወደየአገራቸው ሲመለሱ ከእናቶቻቸው ዘንድ እንኳ የደስታ ፈገግታ አልጠበቃቸውም፤ ከሰው ዓይን ለመሰወር የጓሮ መንገድ እየመረጡ አለፉ። ቅኔው የተገጠመው ለአሸናፊው ክብር ነው። ነገር ግን ውጤትን ብቻ የሚያመልክ ኅብረተሰብ ልጆቹን በምን ዓይነት ኀፍረት እንደሚያሳድግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚህ ታሪክ ጎን ግን ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ሌላ ታሪክ አለ። በመቄዶንያ በምትገኘው፣ በመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢዎች ዘንድ «ቤርያ» በሚለው ስሟ በምትታወቀው ከተማ፣ በ2ኛው ምእተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የወጣቶች ማሠልጠኛ የሚተዳደርበት ሕግ በእብነ በረድ ላይ ተቀርጾ ነበር። ይህ ሰሌዳ በ20ኛው ምእተ ዓመት ተገኝቶ በሊቃውንት ተነቧል። ሕጉ በሄርሜስ በዓል ቀን የሚሰጡ ሽልማቶችን ሲዘረዝር ከሩጫው ጋር ሌሎች ሦስት የተለዩ የውድድር ዓይነቶችን ይጠቅሳል፤ እነርሱም የሰውነት አቋም፣ ሥነ ሥርዓትና ትጋት ናቸው። ትጋት ለሚለው የገባው የግሪክ ቃል «ፊሎፖንያ» ሲሆን፣ ቃል በቃል ሲፈታ «ድካምን መውደድ» ማለት ነው።

የትጋት ዘውድ አሰጣጥ በተለይ ትኩረት ይስባል። በዚህ ውድድር ሰው ከሰው ጋር አይያያዝም፤ የማሠልጠኛው ኃላፊ በሄርሜስ ስም ከማለ በኋላ፣ ዕድሜያቸው እስከ 30 ዓመት ከሚደርሰው ሠልጣኞች መካከል በዚያ ዓመት ከሁሉ ይልቅ ተግቶ የተለማመደውን ራሱ ይመርጣል። የሚፈረደው በአንድ ቀን ግጥሚያ ሳይሆን በዓመቱ ሙሉ ሥራ ነው። ፈራጁም ከሩቅ የመጣ ዳኛ ሳይሆን ወጣቶቹ ማለዳ ሲመጡ፣ ሲወድቁ፣ ሲደክሙና ሲነሡ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። የመሐላው ትርጉምም ግልጽ ነው። የጣለና የወደቀን ማንም ተመልካች ለይቶ ሊያውቅ ይችላል፤ የተጋን ለይቶ ለማወቅ ግን የቅርብ ክትትልና የኅሊና ንጽሕና ያስፈልጋል። ጥረትን መሸለም ውጤትን ከመሸለም የበለጠ የአሠልጣኝ ሥራ እንደሚጠይቅ የቤርያ ሰዎች ከ2000 ዓመት በፊት ተረድተውት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ላይ መታወስ ያለበት ሌላም ነገር አለ። ያ ሕግ የባሪያ አሳዳሪው ሥርዓት ውጤት ነው። ባሮች፣ ነጻ የወጡ ባሮችና ልጆቻቸው እንዲሁም በገበያ ንግድ የሚተዳደሩ ሰዎች ከማሠልጠኛው እንዳይገቡ ይኸው ሰሌዳ በግልጽ ይከለክላል። «ድካምን መውደድ» ተብሎ ዘውድ የሚያስደፋው ተግባር እንግዲህ ሌሎች ሲደክሙላቸው ለሚውሉት ልጆች ብቻ የተፈቀደ ክብር ነበር። እርሻውንና የድንጋይ ካባውን በላቡ ያቆየው ሰው ድካሙን የሚቆጥርለት ኃላፊ አላገኘም። የጥረት ክብር የተሟላ ትርጉም የሚኖረው በሩ ለሁሉም ሲከፈት መሆኑን ይህ ጉድለት ያስተምራል።

በሩ ወደ ሠርቶ አደሩ ሠፈር ሲጠጋ የታየው በፋርስ፣ በዛሬዋ ኢራን ነው። «ዙርኻኔ» የሚባለው የኃይል ቤት በከተሞች ውስጥ የእጅ ጥበብ ሠራተኞችና ሱቅ ጠባቂዎች ከሥራ በኋላ ተሰብስበው ሰውነታቸውን የሚያጠነክሩበት ስፍራ ሆኖ ኖሯል። በሩ ዝቅ ብሎ ስለሚሠራ የሚገባው ሁሉ፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ ጎንበስ ማለት አለበት። ልምምዱ የሚካሄደው ከወለሉ ዝቅ ብሎ በተቆፈረ ባለ ስምንት ማዕዘን ጉድጓድ ውስጥ ነው። «ሞርሼድ» የተባለው መሪ ከፍ ካለ መደብ ላይ ተቀምጦ ከበሮ እየመታና ቃጭል እያቃጨለ የፋርስ ባለቅኔዎችን ግጥም ያዜማል፤ ሠልጣኞቹም በዜማው ምት ከባድ የእንጨት ዱላዎች ያዞራሉ፣ የብረት ቀስት ያወዛውዛሉ፣ በክብ ይሽከረከራሉ። ግጥሚያው፣ ማለትም ትግሉ፣ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ የጋራ ልፋት በኋላ ነበር። ይህ ሥርዓት በ2010 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

በዙርኻኔ ባህል የታጋዩ ከፍተኛ ማዕረግ «ፓህላቫን» ይባላል። ይህ ስም ለጉልበተኛ ሁሉ አይሰጥም፤ ከጉልበቱ ጋር ትሕትናና ለደካማ መቆምን ይጠይቃል። የማዕረጉ አርአያ ተደርጎ የሚወሰደው በ14ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ያረፈው ፑርያዬ ቫሊ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ ይህ ታጋይ በግጥሚያው ዋዜማ የባላጋራው እናት ልጇ እንዲያሸንፍላት እያለቀሰች ስትጸልይ ሰምቶ፣ በማግሥቱ በገዛ ፈቃዱ ወደቀላት። አፈ ታሪኩ ልጆች ለመሸነፍ እንዲዘጋጁ አይሰብክም፤ ድልን ከሰብዓዊነት በታች ያስቀምጣል እንጂ። ከድል በላይ የሆነ ነገር መኖሩን ከልጅነቱ የተማረ ታጋይ ሽንፈትን እንደ ሞት አይቆጥረውም።

ይህ ባህል በዘመናዊው የኦሊምፒክ ምንጣፍ ላይ በአንድ ሰው ተወክሎ ታይቷል። ጎላምሬዛ ታክቲ በ1930 በደቡብ ቴህራን ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ። በ1952 በሄልሲንኪ ብር፣ በ1956 በሜልበርን ወርቅ፣ በ1960 በሮም ብር አገኘ። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ አደባባይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው በሜልበርን፣ አበበ ቢቂላም በባዶ እግሩ ታሪክ የሠራው በሮም መሆኑ ሲታወስ፣ ታክቲ የዚያው ትውልድ ልጅ እንደነበር ይታያል። በ1964 በቶኪዮ አራተኛ ወጥቶ ያለ ሜዳልያ ተመለሰ። ነገር ግን የኢራን ሕዝብ ታክቲን ያከበረው በሜዳልያው ቁጥር አልነበረም። በ1962 የቡይን ዛህራ የመሬት መንቀጥቀጥ ከ12,000 በላይ ሰዎችን በገደለ ጊዜ በቴህራን ጎዳናዎች በእግሩ እየዞረ ለተጎጂዎች እርዳታ ሰበሰበ። ከሶቪየቱ ታጋይ ከአሌክሳንደር ሜድቬድ ጋር ሲገጥም፣ የባላጋራው አንድ ጉልበት መጎዳቱን አውቆ ያንን እግር ሳይነካ እንደታገለና እንደተሸነፈም በሕዝብ ዘንድ ይነገራል። በጃንዋሪ 1968 ሲሞት የሻሁ መንግሥት ራሱን እንዳጠፋ አስታወቀ፤ ሕዝቡ ግን ይህንን ቃል ለማመን አልፈቀደም። ከብር ሜዳልያ በኋላ ያልቀነሰው የሕዝብ ፍቅር ምንጩ ሰውየው እንዴት እንደታገለና እንዴት እንደኖረ ነው።

የኢራኑ ባህል ጥረትን በአርአያ ሲያስተምር፣ ጥረትን በሥርዓተ ትምህርት መልክ የቀረጸው ደግሞ የጃፓኑ መምህር ካኖ ጂጎሮ ነው። ካኖ በ1860 ተወለደ። በልጅነቱ ሰውነቱ ያነሰና ጉልበተኞች የሚያጠቁት ስለነበረ ጁጂትሱ የተባለውን ጥንታዊ የትግል ጥበብ ለመማር ተነሣ። በ1882 በቶኪዮ ኤይሾጂ በተባለ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ምንጣፎች ብቻ የሚያነጥፍ ክፍል ይዞ «ኮዶካን» የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት ተማሪዎች 9 ብቻ ነበሩ። በ1889 ባደረገው ንግግር ጁዶ ሦስት ዓላማዎች እንዳሉት አስረዳ፤ እነርሱም ሰውነትን ማጎልበት፣ ግጥሚያና ሥነ ምግባርን ማነጽ ናቸው። ድል በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቢገባ እንኳ ከሦስቱ የአንዱ ክፍል ከመሆን አላለፈም።

የካኖ አስተምህሮ ጥንካሬ የሚታየው ከዝርዝሩ ላይ ነው። ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መጣልን ሳይሆን መውደቅን ነው። ክንዱን ዘርግቶ ምንጣፉን እየመታ፣ አንገቱን እየሰበሰበ፣ ሳይጎዳ መውደቅን ለረዥም ጊዜ ይለማመዳል። መውደቅን እንደ አንድ ትምህርት የተማረ ልጅ መውደቅን እንደ ውርደት አያየውም፤ ፍርሃቱ ሲወገድም አዲስ አያያዝ ለመሞከር ይደፍራል። ጥቁር ቀበቶ የሚያስታጥቀው የመጀመሪያው የማዕረግ ደረጃ «ሾዳን» ይባላል፤ ትርጉሙም «የመጀመሪያ ደረጃ» ማለት ነው። ብዙዎች የመጨረሻ ግብ አድርገው የሚመለከቱት ጥቁር ቀበቶ በስሙ ራሱ የጉዞው መጀመሪያ መሆኑን ይናገራል። የጥበቡ ዋና መመሪያም ኃይልን በሚገባ መጠቀምና ከሌላው ጋር አብሮ መበልጸግ የሚሉ ናቸው። የሚጥለው ሰው ያለሚወድቅለት ጓደኛ ሊማር አይችልምና፣ የልምምድ ጓደኛ በጠላትነት አይታይም።

የዚህ መንፈስ ፈተና የመጣው ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር በሆነበት በ1964 በቶኪዮ ነው። ኦክቶበር 23 ቀን የኔዘርላንዱ አንቶን ጌሲንክ ጃፓናዊውን ካሚናጋ አኪዮን በገዛ አገሩ አሸነፈው። ደስታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው የጌሲንክ አገር ሰዎች ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ፣ አሸናፊው እጁን አንሥቶ ከለከላቸው፤ ባላጋራውን በሥርዓት እጅ ሳይነሣ የሚፈጸም ግጥሚያ አልነበረምና። ጃፓናውያን በጥበባቸው ተሸነፉ፤ የጥበባቸው ሥነ ምግባር ግን በባዕድ ታጋይ ክንድ ላይ ሲከበር አዩ።

በዚያው ውድድር ላይ፣ ከ2 ቀን በፊት፣ የውጤት አምልኮ ሌላኛው ገጽ መታየት ጀምሮ ነበር። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ከእርሱ ቀጥሎ ስታዲየም የገባው ጃፓናዊው ጹቡራያ ኮኪቺ በአገሩ ሕዝብ ፊት በመጨረሻው ዙር በእንግሊዛዊው ቤዝል ሂትሊ ተቀደመና ሦስተኛ ወጣ። የነሐስ ሜዳልያ ለማንም አትሌት ታላቅ ክብር ነው። ጹቡራያ ግን ውጤቱን የአገር ዕዳ አድርጎ ተሸከመው፤ ሰውነቱ በጉዳት እየደከመ በሄደ ጊዜም ለመጪው ኦሊምፒክ የሚጠበቅበትን ከትከሻው ማውረድ አልቻለም። በጃንዋሪ 1968፣ ታክቲ በሞተ በሁለተኛው ቀን፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ትግለኛ ሳይሆን ሯጭ ቢሆንም፣ ከወጣት አትሌት ውጤት ብቻ ሲጠበቅ ሸክሙ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የእርሱ ታሪክ ያስረዳል።

በትግል ምንጣፍም ተመሳሳይ አደጋ ታይቷል። በ1997 መጨረሻ፣ በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ፣ ሦስት የአሜሪካ ኮሌጅ ታጋዮች ክብደታቸውን በፍጥነት ለመቀነስ ሲሞክሩ ሞቱ። ወጣቶቹ በጋለ ክፍል ውስጥ ላብ የሚያስወጣ ልብስ ለብሰው፣ ውኃ ከሰውነታቸው እያሟጠጡ ይለማመዱ ነበር። ዝቅ ባለ የክብደት ክፍል መግጠም ለድል ያበቃል የሚለው ስሌት ከሕይወት በላይ ተቆጥሮ ነበር። ከዚህ በኋላ የውድድሩ አስተዳደር ሕጉን ለወጠ፤ የሚያተን ክፍልና የጎማ ልብስ ተከለከሉ፣ የክብደት ልኬቱም ወደ ግጥሚያው ሰዓት ተጠጋ። ሕጉ የመጣው ግን ሦስት ወጣቶች ከተቀበሩ በኋላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተፈለገ ድል የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ሊከብድ ይችላል።

ከዚያው አገር ትግል የሚገኘው ሌላ ምሳሌ ደግሞ ሽንፈት በሚገባ ከተያዘ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። ዳን ጌብል በትምህርት ቤትና በኮሌጅ 181 ግጥሚያዎችን በተከታታይ ካሸነፈ በኋላ፣ በ1970 በመጨረሻው የኮሌጅ ግጥሚያው በላሪ ኦዊንግስ ተሸነፈ። ጌብል ሽንፈቱን አልካደም፤ ጉድለቱን መርምሮ ልምምዱን አጠነከረ። በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ አንድም ነጥብ ሳያስቆጥርበት ወርቅ አገኘ። ያ ሽንፈት የተሻለ ታጋይ እንዳደረገውም ደጋግሞ ተናግሯል። እዚህ ላይ ወሳኙ የሽንፈቱ መኖር አይደለም፤ ብዙዎች ተሸንፈው በዚያው ቀርተዋልና። ወሳኙ ሽንፈቱ ስለ ሥራው የተነገረ እንጂ ስለ ማንነቱ የተፈረደ ቃል ተደርጎ አለመወሰዱ ነው።

አሠልጣኞች በልምድ የደረሱበትን ይህን እውነት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎችም ፈትነውታል። ክላውዲያ ሚውለርና ካሮል ድዌክ በ1998 ባሳተሙት፣ 6 ጥናቶችን ባካተተ ሥራቸው፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 12 ዓመት የሚሆናቸውን ተማሪዎች አጥንተዋል። ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ አንዳንዶቹ «ጎበዝ አእምሮ አለህ» ተብለው፣ ሌሎቹ «በርትተህ ሠርተሃል» ተብለው ተመሰገኑ። ከዚያ ከባድ ፈተና ሲመጣ፣ በአእምሯቸው የተመሰገኑት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፣ ውጤታቸውም ዝቅ አለ፤ ያገኙትን ነጥብ ለሌላ ሲናገሩ ከፍ አድርገው የዋሹም በእነርሱ መካከል በዝተው ተገኙ። በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ከባዱን ሥራ መረጡ፣ ጸንተውም ሠሩ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «ልፋ ብቻ» ማለት በቂ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ ስሕተት ይሆናል። በኋላ የተካሄዱ ሰፋፊ ጥናቶች ስለ ጥረት የሚሰጥ ምክር ብቻውን የሚያስገኘው ለውጥ በአማካይ አነስተኛ መሆኑን አሳይተዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዘዴውን ሳያውቅ በጉልበቱ ብቻ የሚገፋ ልጅ አሥር ጊዜ ቢገፋ አሥር ጊዜ ይወድቃል፤ ከወደቀበት ሲነሣ «አይዞህ፣ ጥሩ ሞክረሃል» ቢባል ማጽናኛ እንጂ ትምህርት አላገኘም። ካኖ ኃይልን በሚገባ መጠቀም ያለውም ለዚህ ነው። የሚከበረው ጥረት አቅጣጫ ያለው ጥረት ነው። አሠልጣኙ «ዛሬ እግርህን ከትናንቱ ቀደም ብለህ አስገብተሃል፤ ወገብህ ግን ገና ከፍ ይላል፤ ነገ እርሱን እንሥራ» ሲል፣ ልጁ ቢወድቅም ምን እንዳሻሻለና ምን እንደቀረው ያውቃል።

ከእነዚህ ታሪኮች የሚገኘው ፍሬ ነገር ድል አያስፈልግም የሚል አይደለም። ታጋይ ለማሸነፍ ይታገላል፤ ለማሸነፍ የማይፈልግ ትግል ለባላጋራም ንቀት ይሆናል። ነገር ግን ድል በታጋዩ እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ የባላጋራው ጥንካሬ፣ የዳኛው ዓይንና የዕለቱ ጤንነት ይካፈሉታል። በታጋዩ እጅ ያለው ማለዳ መምጣቱ፣ ያልገባውን መጠየቁ፣ ወድቆ መነሣቱ ነው። መምህር ሊመዝንና ሊያከብር የሚገባውም ተማሪው ሊያዝዝበት የሚችለውን ነው። የቤርያው ኃላፊ ከመፍረዱ በፊት እንዲምል ሕግ አስገድዶት ነበር። ዛሬ አሠልጣኙንም፣ መምህሩንም፣ የጥበብ ሰውንም እንዲህ የሚያስምል ሕግ የለም፤ ልጆቹ ሲለፉ ቆሞ የማየትና ያየውን በእውነት የመናገር ግዴታው ግን በትከሻው ላይ አለ። ይህን ግዴታ በሚወጣ መምህር እጅ ያደገ ወጣት ቢጥልም ባይጥልም በዋናው መንገድ፣ ቀና ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።